አጎቴ ይማም የጠየቁኝ ጥያቄ

ዛሬ ቀትር ላይ ዙሁር ስሰግድ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ጠፋኝ። ሁለተኛው ዙር ነው ሦስተኛው? ግንባሬን እንደደፋሁ ብዙ ቆየሁ። ድሮ ሐሳቤ መርሳ ገበያ ወጥቶ ሲዞር እንኳ ምላሴና ጉልበቴ መንገዳቸውን አይስቱም ነበር። ትንሹን ቆጥሬ ጨምሬ ሰገድኩ፤ ስነሳ ግን ግድግዳውን ተደግፌ ነው። እርጅናው እንዳይመስላችሁ፣ ፍርሃት ነው። ነገ የልጅ ልጄ ኒካህ ነው፤ ሰንጋውን የማርደው ደግሞ እኔ ነኝ።

አጎቴ ይማም ትዝ አሉኝ። በእኛ ሰፈር ሠርግ ሲደገስ ካራ የሚጨብጡት እሳቸው ነበሩ። የእህቴ የዘሐራ ሠርግ ጊዜ እኔ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነኝ። ማሽላው ታጭዶ መንደሩ ደረቅ አገዳ አገዳ ይሸታል። የሙሽራው መኪና ከወልድያ ተነስቶ ሲሪንቃን አልፏል ተብሎ ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡታል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የእነሱን በግ ለብቻ አርደው ወጣቸውን ጥደዋል። የእኛ በሬ ግን ገና ነበር፤ አባቴም ያለው በሬ እሱ ብቻ ነው።

ያን ቀን የአጎቴ እጅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ካራውን ሲስሉ ከድንጋዩ ላይ ያመልጣቸዋል። እኔ የበሬውን ቀንድ ይዤ አንገቱን ወደ ኋላ ስቤአለሁ፤ ጣቶቼ ከስለቱ አጠገብ ናቸው። ያ ረቢ፣ ጣቴን! አልኩ በሆዴ። ደግነቱ ካራው ቆዳውን ሲነካ ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ጠፋ። ባንዴ ጨረሱት። እጃቸው ሥራውን አልረሳም ነበር።

ደሙ ገና እየፈሰሰ ቀና ብለው አዩኝ። እንዲያ የደነገጠ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።

"ቢስሚላህ ብያለሁ?" አሉኝ።

"እንዴ፣ አጎቴ!"

"አጠገቤ ነበርክ እኮ። ሰምተኸኛል ወይ?"

የበሬው ማጓራት ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። "ወላሂ አልሰማሁም" አልኩ። እግሩን የጠፈሩትም አልሰሙም። አባቴ ራሱን ያዘ። የአላህ ስም ያልተጠራበት ሥጋ ለማን ይቀርባል? ሙሽራው ደጅ ሊደርስ ነው! ዘሐራ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች ማልቀስ ጀመረች።

የመስጊዱ ሸህ ተጠርተው መጡ። የአጎቴ እኩያ ናቸው።

"ይማም፣ አውቀህ ነው የተውከው?"

"ኧረ በአላህ! ማለት አለማለቴን ነው የማላውቀው።"

"እንግዲያው የረሳን ሰው አላህ አይጠይቀውም። ግፈፉት፣ ይበላል።"

ሰው ሁሉ እፎይ አለ፤ ጭፈራው ቀለጠ። አጎቴ ግን ከዚያ ሥጋ ቁራሽ አልቀመሱም። እንግዳው ሲበላ እሳቸው ከብርቱካኑ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ካራውን ይጠርጋሉ። ቁረሱልኝ ልል ስጠጋ ካራውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

"ሥጋውስ ይሁን" አሉኝ። "እኔ የት ነበርኩ ያን ጊዜ?"

ክረምቱ ሲገባ "ሰግጃለሁ?" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ኋላ ደግሞ "የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ።

ካራው ዛሬም እኔ ዘንድ ነው። ከሰዓት በኋላ አውጥቼ ስስለው እጄ ቀጥ ብሎ ታዘዘኝ። እጄን አልፈራውም። ጉልበት ሲከዳ ይታወቃል፤ ግድግዳ ተደግፈው ይቆሙለታል። ሐሳብ ሲከዳ ግን ሰው ካልነገረን በምን እናውቃለን? እሱ ነው የሚያስፈራኝ። አጎቴ ቢያንስ መጠየቅ ትዝ ብሏቸዋል፤ እኔ መጠየቁንም ብረሳውስ?

ስለዚህ ልጄን ሰይድን ጠራሁት።

"ነገ ሳርድ ጆሮህን አፌ ላይ አድርገህ ቁም" አልኩት። "ቢስሚላህ ስል ካልሰማኸኝ እጄን ያዝ።"

ሰይድ ካራውን ቀስ ብሎ ተቀበለኝና መሬት መሬቱን አየ።

"አባባ" አለኝ፣ "ትናንትም እንዲሁ ብለውኛል።"