ተራ አስከባሪ በዘርፉ ውስጥ የለም

አርባ ምንጭ ውስጥ በእኛ ሰፈር፣ መስቀል ሲደርስ ትልቁ ሾላ ላይ ዥዋዥዌ ይታሰራል። ገመዱን ከእንሰት ቃጫ የሚገምደው ከገረሴ ደጋ የወረደ ጎረቤቴ ነው። ከኋላ የሚገፉት ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከሰሜን ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ። እኔ ደግሞ ተራ አስከብራለሁ። ሕጌ አንድ ነው፤ ያልተወዛወዘ ሰው ቆሞ እያለ የተወዛወዘ ሰው ዳግመኛ አይወጣም። የባለሥልጣን ልጅ አውርጃለሁ። የገዛ የልጅ ልጄን እያለቀሰች አውርጃለሁ።

ሦስታችንም በመጫወቻ ነገር ጨርቃችንን የጣልን ነን። ለጥምቀት ሲቀላ ወደሚባለው የከተማችን ክፍል የሚሽከረከር ነገር ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ ከልጆች ጋር ተሰልፈን የምንገኘው እኛ ነን። መምህሩማ ሰው ተዘቅዝቆ የሚሄድበትን ባቡር በስልካቸው እያዩ ስንት ጊዜ ምሳቸው ቀዝቅዟል።

አንድ ቀን የልጅ ልጄ ስልኳን ዘረጋችልን። አዲስ አበባ የመጫወቻ ማሽኖች የንግድ ትርኢት ሊከፈት ነው። ሥዕሉ ላይ ዙሪያውን ሰው የተሳፈረበት፣ እንደ ጋሪ ጎማ የሚዞር ትልቅ መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ትርኢቱ ለአምራቾች፣ ለአስመጪዎችና ለአንቀሳቃሾች ብቻ እንደሆነ ተጽፏል።

«ለሚወዱትስ?» አልኳት።

«ለሚወዱት የሚል የለውም፣ አያቴ።»

«ታዲያ ማን ሊቀመጥበት ነው የሚሸጡት?»

መምህሩ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ጣታቸውን አነሱ። «ቆዩ እስቲ። ገመድ የሚገምድ አምራች ነው። የምገፋው እኔ አንቀሳቃሽ ነኝ።»

«እማማስ?» አለ ባለገመዱ።

ሥዕሉ ሥር ወደተጻፈው ስልክ ደወልን። ያነሳችው ልጅ ትሑት ነበረች።

«የምታንቀሳቅሱት ምን ዓይነት ማሽን ነው?»

«ዥዋዥዌ» አሉ መምህሩ።

«በኤሌክትሪክ ነው በናፍጣ?»

«በእኔ።»

«ስንት ሰው ይጭናል?»

«አንድ። አንዳንዴ ልጅ ያዘለች ትመጣለች።»

ሳቋን ለማፈን ስትታገል ይሰማናል። እኔ አላስቻለኝም፤ ስልኩን ነጠቅኳቸው። «እኔ ተራ አስከባሪ ነኝ፣ ልጄ።»

«ይቅርታ እናቴ፣ ተራ አስከባሪ በዘርፉ ውስጥ የለም። ለሁለት ሰው ግን ካርድ አዘጋጅላችኋለሁ። ማን እንደሚመጣ እናንተ ተስማሙ።»

ተራ የሚያስከብር ከሌለ በምን ተሰልፈው ነው የሚወጡት? ይህን ልጠይቃት ስል ስልኩ ተዘጋ። ሁለት ቦታ፣ ሦስት ሰው። እኔ የምመኘው የታወቀ ነው፤ ያን መንኮራኩር እንደገና መሳፈር። «እንደገና» የምለው፣ ዱሮ ልጄ ወልዳ ላርሳት አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ አንዴ ወጥቼበት ስለነበር ነው።

«በሕጉ ይወሰን» አለ ባለገመዱ።

«በየትኛው ሕግ?»

«በእርስዎ። መንኮራኩር ላይ ወጥተዋል አይደል እንዴ እማማ? ደመና ልነካ ነበር ብለው ነግረውናል። እኛ አልወጣንም።»

ምነው አፌን በቆረጠው! ያን ወሬ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አውርቼዋለሁ። ሁለቱም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «እናንተ ትገባላችሁ» ብዬ ፈረድኩ። አውቶቡስ መሳፈር ግን ማንም አልከለከለኝም።

ከሲቀላ መናኸሪያ ሦስታችንም አንድ ላይ ተነሳን። ባለገመዱ አንድ ጥቅል አዲስ ገመድ እግሩ ሥር አስቀምጧል፤ አምራች ባዶ እጁን አይሄድም ብሎ። እኔ መንገዱን ሙሉ በሩን እንዴት እንደማልፍ ሳስብ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ካርድ የሚያይ ጥበቃ ቆሟል። ሁለቱ አለፉ። እኔም ተከተልኩ።

«እናቴ፣ ካርድዎ?»

«እናታቸው ነኝ።»

ጥበቃው ዞሮ የመምህሩን ነጭ ጸጉር አየ። «የእኚህ አባት እናት?»

«ቶሎ አርጅቶብኝ ነው።»

ሳቀ፤ መንገዱን ግን አልለቀቀም። እውነቱን ለመናገር ይህን ወድጄለት ነበር። ወዲያው አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ካርድ ሳያሳይ በጎኔ ሽው ብሎ ገባ። ጥበቃው እጅ ነሳው።

«የእሱስ ካርድ የታለ?»

«እሳቸው ይታወቃሉ፣ እናቴ።»

«እኔም አርባ ምንጭ ላይ እታወቃለሁ!»

ድምፄ ከፍ ሲል ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ካርድ የሌለው አይገባም ከተባለ ለሱፍም ለነጠላም ነው አልኩ። ከኋላ ያጨበጨበ ሰው ነበር። ሰውዬው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተመለሰ፤ መኪናው ውስጥ ካርድ ሊፈልግ ሄደ። ጥበቃው ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ልክ ነዎት። ካርድ የሌለው አይገባም።»

ረትቼ ውጭ ቀረሁ።

ከአጥሩ ወጣ ብሎ ባዶ ሜዳ ላይ፣ አንድ ሰው የእንጨት ፈረሶች የሚሽከረከሩበት ማሽን ተክሎ ብቻውን ቆሟል። ማሽኑ አሮጌ ነው ብለው ውስጥ ቦታ ከልክለውታል። ገዢዎች ሲወጡ እንዲያዩለት ነው የተከለው።

«ባዶውን ሲዞር ያሳዝናል» አለኝ። «እስቲ እማማ፣ አንዱ ላይ ጉብ ይበሉበት።»

ዙሪያዬን አየሁ። ትምህርት ቤት አልተለቀቀም፤ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ ልጅ የለም። ሕጉ ፈቀደልኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ነጩን ፈረስ መረጥኩ።

ሞተሩ እንደ ሲቀላ ባጃጅ ይንተፋተፋል። ፈረሱ ከፍ ሲል ሆዴ አብሮት ከፍ ይላል፤ ዝቅ ሲል ጉልበቴን የሚያመኝን ነገር ከላይ ጥሎት ይወርዳል። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ሰውዬው «በቃዎት?» ይለኛል። «ሌላ ሰው አልመጣም እኮ» እለዋለሁ።

በዚህ መሀል ሁለቱ ጓደኞቼ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል አንጠልጥለው ወጡ። ፊታቸው የለቅሶ ቤት ነው።

«መንኮራኩሩስ?» ብዬ ከፈረሱ ላይ ጮህኩ።

«ጠረጴዛ ላይ ነው!» አሉ መምህሩ።

«ምን ላይ?» አልኩ፤ ፈረሱ ወደ ማዶ ወሰደኝ። ዞሬ እስክመጣ ጠበቁኝ።

«ይህችን መዳፌን ታክላለች! በጣት ነው የሚያዞሯት! ሌላው ሞተርና ብሎን ነው። የሚሳፈሩበት አንድ ነገር የለም!»

ሦስታችንም የተሳሳትነው እንደ ገበያተኛ አስበን ነው። ሲቀላ ላይ ማር የሚሸጥ ሰው ሳያስቀምስህ ግዛኝ አይልህም። የመንኮራኩር ሻጭ ሳያሳፍር እንደሚሸጥ በምን እናውቃለን?

ባለገመዱ ግን ስለ መንኮራኩሩ አልነበረም የሚያስበው። ዓይኑን ፈረሱ ላይ ተክሏል። «እማማ፣ ስንተኛ ዙርዎ ነው?»

ደግነቱ ፈረሱ እንደገና ወደ ማዶ ወሰደኝ።

ማሽኑ ሲቆም ሁለቱ ተሽቀዳደሙ። መምህሩ አንድ እግራቸውን ጥቁሩ ፈረስ ላይ ጣል እንዳደረጉ ከኋላችን ድምፅ መጣ። «ሰዎቹ ይውረዱና ሞተሩን ልየው።» ያ ባለሱፍ ነው። አሁን ካርዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ባለማሽኑ ገዢ አገኘሁ ብሎ ሁላችንንም አወረደን፤ የማሽኑን ሆድ ከፍቶ ብሎን በብሎን ያሳየው ጀመር። ጓደኞቼ ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ መልሶ የሚገጥመው ጠፋ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሁለቱ ከፊቴ ወንበር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ምዕራብ ዓባያ ስንደርስ መምህሩ በመስኮት ሙዝ ገዙና ለባለገመዱ ሰጡት።

«ለእኔስ?»

«በተራዎ፣ እትዬ።»

«ገመድህስ የት ደረሰ?» አልኩት ባለገመዱን፣ ወሬ ለማስቀየር።

«የትርኢቱ ባነር ወድቆ በእሱ አሰርኩላቸው። ጥሩ ገመድ ነው አሉኝ» አለ። ያን ጊዜ ብቻ ፊቱ ፈታ አለ።

መስቀል ደረሰ። ባለገመዱ ሌላ ገመድ ገመደ። ሁለቱ ሾላው ሥር ተቀምጠው ፈረዱብኝ፤ ፈረስ ጠግቤ ስለመጣሁ ከሁሉም ኋላ እወጣለሁ። ሕጉ የራሴ ነውና ይግባኝ የምለው አጣሁ። ቆምኩ። የሰፈሩ ልጆች ጨረሱ፤ የማዶ ሰፈር ልጆች መጡ። መምህሩ ይባስ ብለው መንገደኛ እያስቆሙ «አንተ ልጅ፣ ተወዛውዘሃል? ና!» ይላሉ። እኔ ተራ አስከብራለሁ፤ እግሬ ግን እንደ ግንድ ደርቋል።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል መንገዱ ጭር አለ። ከፊቴ የቀረ ሰው የለም። ነጠላዬን ሸብ ሳደርግ መምህሩ ፈጠን ብለው ዥዋዥዌው ላይ ቁጭ አሉ።

ገመዱን ጨምድጄ ያዝኩት። «መምህር፣ ጠዋት ወጥተዋል!»

«እሱ እንኳን ሙከራ ነበር፣ እትዬ። ገመዱ ይችላል አይችልም ብዬ።»

«ባጃጅ እስኪቆም ድረስ እየጮሁ ሲወዛወዙ በመስኮት አይቻለሁ!»

ባለገመዱ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«ይውረዱ!»

ወረዱ። ወንበሩን ያዝኩና ዙሪያዬን በደንብ ቃኘሁ። ከእኔ በቀር ያልተወዛወዘ ማንም አልነበረም።