አክስቴ ከጣሪያ የዘለለች ዕለት

ሰፈሩ ሁሉ አክስቴን «ፊሽካ» ነው የሚላት። ዕድሜዋን ሙሉ ስፖርት ስታስተምር ኖራለች፤ ጁዶ ያሠለጠነቻቸው ልጆች ዛሬ ራሳቸው ልጅ አድርሰዋል። ጡረታ ወጥታ ባሏም ከሞተ ወዲህ ግን ቤቱ ጭር ብሎባት ነበር። «ሰው እንደ አሮጌ ዕቃ ጥግ ይይዛል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን የፊልም ሰዎች አሮጊት እንደሚፈልጉ ሰማሁና ይዣት ሄድኩ። የመፈተኛው ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ካሜራ፣ ሁለት ወንበር፣ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ። ዳይሬክተሩ እንደ ሸምበቆ የተመዘዘ ወጣት ነው።

«እማማ፣ ወንበዴዎች የልጅ ልጅዎን አፍነው ሊወስዱ ነው። አንዱ ክንድዎን ሲይዝዎት ያለቅሳሉ፤ በቃ።»

ወንበዴውን የሚጫወተው በር የሚያህል ጎረምሳ እያጓራ መጥቶ ክንዷን ጨመደደው። እንባዋን ስጠብቅ፣ እሷ ወገቧን ዞር አደረገች። ጎረምሳው ተገለባብጦ ምንጣፉ ላይ ዷ! አለ።



«ውይ በሞትኩት! ልጄ፣ ተጎዳህ?» አለች አክስቴ ጎንበስ ብላ። «ሳላስበው እኮ ነው!»

«አልተጎዳሁም» አለ ጎረምሳው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። «ግን ምን እንደመታኝ አላውቅም።»

ዳይሬክተሩ በሳቅ ፍርስ አለ። ወዲያው ግን ብድግ ብሎ፣ «በድርሰቱ ልጅቷን የሚያስጥላት ፖሊስ ነበር። ተዉት ፖሊሱን! አያትየዋ ራሷ ታስጥላታለች!» አለ።

የአክስቴ ልጅ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ወሬውን ስትሰማ እሳት ለበሰች።

«እማዬ፣ አብደሻል? አጥንትሽ ቢሰበርስ?»

«ቁጭ ብዬስ መች ጤና አገኘሁ?»

ልምምዱ ወራት ፈጀ። ከዚያ የዝላዩ ቀን ደረሰ፤ ከአንድ መጋዘን ጣሪያ ወደ ሌላው። ወገቧ ላይ ገመድ ታሰረ፣ ከታች ፍራሽ ተነጠፈ። ጫፉ ላይ ወጥታ ቆመች። ልጇ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ከሥራ በርራ መጣች።

«እማዬ! አሁኑኑ ውረጂ!»

«እወርዳለሁ!» ብላ ጮኸች አክስቴ። «ግን በወዲያኛው በኩል!»

ተንደረደረች። ሽበቷ በነፋስ ተበትኖ ክፍተቱን ተሻገረች፤ በትከሻዋ ተንከባላ ተነሣች። መብራት ያዡም ገመድ ያዡም ጭብጨባውንና ፉጨቱን አቀለጡት!

ልጇ እያለቀሰች ደረጃውን ሮጣ ወጣች። የተላጠ ጉልበቷን እየጠረገችላት፣ «ሁለተኛ እንዳትሞክሪው!» አለቻት።

ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካሜራው ትንሽ ተንቀጥቅጦብን ነበር… አንዴ ብቻ ብንደግመው…» አለ።

ልጇ አፈጠጠችበት። ከዚያ እናቷን አየች። የአክስቴ ፊት ቦግ ብሎ በርቷል፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሆና ልጇ አይታት አታውቅም። ልጇ ገመዱን በእጇ ጎትታ ቋጠሮውን ፈተሸችና፣ «ጠበቅ አድርጉት» አለች።

ፊልሙ የታየ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊታችን የተቀመጡ ባልቴት ከዘራቸውን እየወዘወዙ፣ «በይው! እንዳትምሪው!» ይሉ ነበር። ከሁሉ አብልጣ የጮኸችው ግን ልጇ ናት።

አሁን ጠዋት ጠዋት የአክስቴ ግቢ በሰፈሩ እናቶች ይሞላል። ፍራሽ አንጥፋ አወዳደቅ ታስተምራቸዋለች። ትናንት አንዷ ጎረቤት፣ «እኔስ ከጣሪያ የምዘለው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«መጀመሪያ ሳታቃስቺ ከወንበር ተነሺ!» አለቻት አክስቴ።