ጽዋው ወንዙን ሲሻገር

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጽዋውን በቀይ ከፈይ ጠቅልዬ፣ በላዩ ነጠላ ደርቤ፣ እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ ታቅፌ ከቤት ወጣሁ። ልጄ ሰለሞን በመኪና ሊያደርሰኝ ነበር። ማታ ከሥራ ቦታው ኮል አደረጉለትና ሰው ስለቀረ ሺፍት ሸፍን አሉት።

“እማዬ፣ ታክሲ ልጥራልሽ።”

“ጽዋ ይዤ ታክሲ አልገባም። ሾፌሩ ዘፈን ቢከፍትስ?”

“ባቡሩስ ሰው የሚጮኽበት አይደለም?”

“ባቡሩ የሁሉም ነው። የሁሉም በሆነ ነገር ላይ ሚካኤል አይቀየምም።”

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር አለን። ሁላችንም የአንድ ወረዳ፣ የፋርጣ ልጆች ነን። በየወሩ አንዱ ይደግሳል፤ ጸበል ጸሪቁ ካለቀ በኋላ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ስንጀምር ሁላችንም እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ስለነበርን፣ ጽዋውን በእግራችን እያዘገምን በእልልታ ነበር የምንሸኘው። ከዚያ ኪራይ በላን። አንዱ ዊተን፣ ሌላው አሌክሳንድሪያ፣ አንዷ ውድብሪጅ ሄዱ። ብርቄማ ልጇን ተከትላ ካናዳ ገባች። በሄደው ሰው ፈንታ አዲስ ሰው አላስገባንም። የፋርጣ ሰው ካልሆነ አይገባም፣ ደንባችን ነው።

ባለፈው ወር የደገስኩት እኔ ነበርኩ። ተበልቶ ሲያበቃ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን አቶ ቢያድግልኝ “ጽዋውን ማን ያነሣል?” ቢሉ ሁሉም ሳህኑን ማየት ያዘ። አንዷ ሁለት ሥራ አለብኝ አለች። አንዱ አፓርትመንቴ ለእንግዳ ፓርኪንግ አይሰጥም አለ። የውድብሪጇ “እዚያ ድረስ ማን ይመጣልኛል?” ብላ እንባዋ መጣ። ሌላም ደንብ አለን፤ ሁለት ወር ወሳጅ ያጣ ጽዋ ለቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፣ ማኅበሩም ይፈታል። ዛሬ ሁለተኛው ነው። ተረኛ ስለሌለ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው አባላችን የሺ ቤቷን ፈቅዳልን እዚያ እንሰበሰባለን።

አቶ ቢያድግልኝ በስልክ “እትዬ አንጓች፣ ጽዋውን ይዘው ይምጡ። ወይ እንሰጠዋለን፣ ወይ እንመልሰዋለን” ብለውኛል። ይህችን ቃል ከሰማሁ ወዲህ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልቻልኩም።

በእኛ አገር ጽዋ አንዴ ከተነሣ መሬት አይነካም፤ የያዘውም ሰው መንገድ ላይ ወሬ አያበዛም። የመጀመሪያውን እንደምጠብቅ አውቄያለሁ። ሁለተኛውን ግን ገና አሳንሰሩ በር ላይ አፈረስኩት። የኤል ሳልቫዶሯ ጎረቤቴ ማርታ ለጽዳት ሥራ ስትወጣ ተገናኘን። እቅፌን አይታ በምልክት “ልጅ ነው?” አለችኝ። ከፈዩን ገልጬ ጽዋው ላይ ያለውን የመልአኩን ሥዕል አሳየኋት። ጣቷን ስማ አማተበች። እኛ ፎቅ ላይ የጓቲማላ፣ የካሜሩን፣ የባንግላዴሽ ሰው አለ። መጨረሻው በር ላይ ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ውሻዋን እንደ ሰው የምታናግር አሜሪካዊት አለች። አገሩ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የሚቆጥሩት ይቁጠሩት። እኔ የማየው ፊት ነው።

ረፋድ ሳይሆን፤ ቀዩ ባቡር

የባቡሩን ጽሑፍ አላነብም፣ ቀለሙን ግን አውቃለሁ። ቀይ፣ ከዚያ ቢጫ። ገና ከመቀመጤ ስልኬ ጮኸ፤ ብርቄ ናት።

“አንጓችዬ፣ ጽዋው ከቤት ወጣ?”

“ወጣ። ባቡር ላይ ነን።”

“ወሳጅስ?”

“ሚካኤል ያውቃል። አንቺ ያለሽበት እንዴት ነው?”

“ብራምተን ይሉታል፤ ከቶሮንቶ ጋር የተጣበቀ ነው። መንገዴ ሁሉ የሕንድ አገር ሰው፣ ፑንጃብ ነው። አሮጊቶቹ እንደኛው ነጠላ ጣል አድርገው በጠዋት ይንሸራሸራሉ። ባለፈው አንዷን ከኋላ አይቼ ‘እትዬ፣ እንዴት አደሩ’ እያልኩ ተከተልኳት። ዞር ስትል የሰው አገር ሰው!”

“ምን አለችሽ?”

“ምን ትለኛለች? ሳቀች። አሁን በየጠዋቱ አብረን ነው የምንዞረው። እሷ በቋንቋዋ ምራቷን ታማለች፣ እኔ በቋንቋዬ አዎ እላለሁ።”

“አንቺ ደሞ ሐሜት በማታውቂው ቋንቋም አያመልጥሽ። ሐበሻስ የለም?”

“አለ። ግን አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ነው። መካከሉን ፊሊፒኑ፣ ጃማይካው፣ ታሚሉ፣ ቻይናው ሞልቶታል። አይከፋም አንጓች፣ ሰዉ ደግ ነው። ግን ማኅበር የለኝም። እዚያ ያለው እንዳይፈታብኝ። ባልደርስበትም፣ በወሩ ቀን እነሱ ዛሬ ተሰብስበዋል እያልኩ ነው ቤቴን የምጠርገው።”

ስልኩን ስዘጋ ጽዋው ከበደኝ። በመስኮቱ ታኮማ አለፈ፣ ብስክሌት ከነሰዉ ገባ። ከዚያ የግንባታ ክሬን በክሬን ላይ ቆሞ አየሁ፤ ከሥሩ ያረጁ የጡብ ቤቶች ተደፍተዋል። የዚህ ከተማ የጥንት ጥቁሮችም እንደኛው ኪራይ እየገፋቸው ወደ ዳር እየወጡ ነው ይላል ሰለሞን። አጠገቤ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ባቡሩ ሲንገጫገጭ ሳላስበው እጃቸውን ከጽዋው በታች ዘረጉ። አልነኩትም፤ ቢወድቅ ሊቀልቡት ነው። እስኪወርዱ ድረስ እጃቸውን አላጠፉም።

ጠዋት፤ ወንዙ ላይና አየር ማረፊያው

ቢጫው ባቡር ከመሬት ሥር ወጥቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ፀሐይዋ ወንዙን ነክታዋለች። ከወንዙ ወዲያ ሜሪላንድ፣ መካከሉ ዋሽንግተን፣ ወዲህ ቨርጂኒያ ነው። ሦስት አስተዳዳሪ ያለው አገር በአንድ ጠዋት አልፌ የት ትሄጃለሽ ያለኝ የለም። ሠርቶ አዳሪው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ አድሮ አሌክሳንድሪያ ይሠራል፣ ውድብሪጅ አድሮ ዋሽንግተን ይሠራል፤ ቤቱን የሚያየው በጨለማ ነው። ማኅበራችንን የፈታው ይኸው አይደል?

ፊት ለፊቴ አንዲት የሐበሻ ልጅ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ሱሪ፣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ። ከፈዩን ስታይ ብድግ አለችና ሻርፗን ራሷ ላይ ጣለች።

“እማማ፣ የማን ጽዋ ነው?”

“የሚካኤል። ስምሽ ማነው ልጄ?”

“ሰናይት። አየር ማረፊያ ነው የምሠራው። ዊልቸር እገፋለሁ።”

“እኔንም ወደዚህ አገር ስመጣ ገፍታችሁኛል። እግሬ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ቋንቋ ስለማላውቅ ልጄ ዊልቸር አዘዘልኝ። አፍሬ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው የገባሁት።”

ሳቀች። “እማማ፣ ከምገፋቸው እናቶች ግማሹ ከእኔ በላይ ይሮጣሉ። በሩ ላይ ልጆቻቸውን ሲያዩ ብድግ ብለው ጥለውኝ ይሄዳሉ።”

እንዲህ እያወጋን ሳለ ጠዋት የጠጣሁት ሻይ አስቸገረኝ። ልደብቃችሁ አልችልም፣ የአሮጊት ጉዞ እንዲህ ነው። ጽዋውን ይዤ እዚያ ቤት አልገባ፣ መሬት አላስቀምጥ። ልጅቷ ከፊቴ ላይ አነበበችው። “ከኔ ጋር ይውረዱ” ብላ ከጣቢያው በእግረኛ ድልድይ አሻግራ አየር ማረፊያው አዳራሽ አስገባችኝ።

“ይስጡኝ እማማ።”

“ጽዋ እኮ ነው።”

“አውቃለሁ። ንጹሕ ነኝ።” ያልጠየቅኳትን መለሰችልኝ። ባዶ ዊልቸር ላይ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን ገጠመችና ሁለት እጇን ዘረጋች። ስሰጣት ቀና ብላ “አሁን ተቀበልኩ ማለት ነው?” አለችኝ።

“ኧረ ያዥልኝ ብቻ” አልኩና ሮጥኩ።

ስመለስ እዚያው ናት። መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ በግራ በቀኟ ያልፋል፣ እሷ አንገቷን ደፍታለች። ጫማዋን አውልቃ ከዊልቸሩ ሥር አስቀምጣለች።

“ምነው ጫማሽ?”

“እንጃ። ስይዘው እግሬ ጫማ እምቢ አለኝ።” ጽዋውን ሳትሰጠኝ ትንሽ ቆየች። “እዚህ ከመጣሁ ማኅበር ገብቼ አላውቅም። ሁሉም የአገር ልጅ ማኅበር ነው ይሉኛል። የእናንተስ?”

ምን ልበላት? “የእኛም” ማለት ከበደኝ።

“ከሥራ ስወጣ መጥቼ ልሳለም?” አለች ደግማ።

“ነይ” አልኳት። የሺን ቤት አድራሻ ከስልኬ ላይ ወሰደች። ነይ ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ማኅበሩ ግን የእኔ ብቻ አይደለም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ፤ የአሌክሳንድሪያ አውቶቡስ

የአሌክሳንድሪያ አውቶቡስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰው ሁሉ እንደ ቤቱ ነው የሚገባው። አንድ የአፍጋን አባት አራስ ልጅ ታቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱ የእኔን እቅፍ ያያል፣ እኔ የእሱን። ኋላ የጋና ሴቶች ስለ ዓሣ ዋጋ ይከራከራሉ፤ ቋንቋውን ባላውቅም ዓሣውን ይዘውታል። ከበስተፊት ሁለት ወጣቶች በአማርኛ ጀምረው በእንግሊዝኛ ይጨርሳሉ። ዱክ ስትሪት ላይ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች መጡ። በየሰገነቱ ጋቢ ተዘርግቷል፣ የልጅ ብስክሌት ቆሟል፣ የማን አገር ባንዲራ እንደሆነ የማላውቀው ባንዲራ ይውለበለባል። ስንቱ ነው እዚህ እንደ ሰናይት ብቻውን የሚሳለም? እኛ እኮ ጽዋ የሚያነሣ ሰው አጣን ብለን ስናለቅስ በዚህ ሁሉ በር አልፈን ነው።

ከቀትር በኋላ፤ የሺ ቤት

ከተበላ በኋላ አቶ ቢያድግልኝ ተነሡ። ጽዋው ጠረጴዛው ላይ ነው።

“እንግዲህ፣ ማን ያነሣል?”

የሺ “እኔ በሚቀጥለው ወር ልጄ ዘንድ ዳላስ ነኝ” አለች። የውድብሪጇ አንገቷን ደፋች። የንስሐ አባታችን ተነሥተው መስቀላቸውን አወጡ፤ ጽዋውን ባርከው ሊወስዱ ነው። እጃቸው ከፈዩን ሳይነካ ተናገርኩ።

“ወሳጅ አለው።”

“ማን?” አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

“ዛሬ ጠዋት አንዲት ልጅ በሁለት እጇ ተቀብላዋለች። ደንቡ ይህ አይደል?”

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሽንት ቤቱንም ሳይቀር። የሺ ሳቋ አመለጣት። አቶ ቢያድግልኝ ግን አልሳቁም።

“ስሟ ማነው?”

“ሰናይት።”

እርስ በርስ ተያዩ። ስሟ አገሯን የሚናገር መሰላቸው። በአገር ቤት ስንት ደም የፈሰሰበት ዘመን አልፎ፣ ስም ሲጠራ ሰው ጆሮውን ማቆም ለምዷል።

“ከየት ናት?”

“አልጠየቅኳትም።”

“እትዬ አንጓች! ከየት እንደሆነች ሳይጠይቁ?”

“ከባቡር ነው የወረደችው። ሌላ አላውቅም። ጫማዋን ማውለቋን ግን አይቻለሁ።”

“ደንባችንስ?”

“ደንባችንማ ጽዋውን ቀብሮ ሊያርፍ ነው። ይኸው አባ ሊወስዱት ቆመዋል።”

“ደግሞስ ትመጣ ይሆን? እንዲያው ለአፏ ያለችው ቢሆንስ?” አለ አንዱ።

አባ ተመልሰው ተቀመጡና “እስቲ እንጠብቃት” አሉ። ጠበቅን። አንዱ ሰዓቱን አየ፣ ሥራ ገቢ ነው። ሌላዋ ካፖርቷን አንሥታ እንደገና አስቀመጠችው። እኔ በመስኮቱና በበሩ መካከል ስመላለስ የሺ “እትዬ፣ ምንጣፌን ጨረሱት” አለችኝ።

በሩ ተንኳኳ።

ሰናይት ከነሰደርያዋ ገባች። ደፉ ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ ማንንም ሳታይ ጽዋውን ተሳለመችና ወደ በሩ ጥግ ተመለሰች። አቶ ቢያድግልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁላችንም ምን እንደሚጠይቁ አውቀናል።

“ልጄ፣ ለመሆኑ አገርሽ…” አሉና ቆሙ። እግሯን አዩ፤ ካልሲዋ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ቀኑን ሙሉ ሰው ስትገፋ የዋለች ልጅ ናት። “…እህል ቀምሰሻል?”

“አልቀመስኩም አባባ።”

“የሺ፣ አቅርቢላት።”

ስትበላ ማንም አላስቸኮላትም። እጇን ከታጠበች በኋላ ነገሩን አስረዷት። ደነገጠች።

“እኔ እኮ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ነው የምኖረው። ባለቤቱ የጋና ሰው ነው፣ ደግ ነው፣ እሺ ይለኛል። ግን ጣሪያው ዝቅተኛ ነው። እናንተን የመሰለ ትልቅ ሰው እንዴት አስገባለሁ?”

አቶ ቢያድግልኝ ጽዋውን ከጠረጴዛው አነሡ። ቁመታቸው ረጅም ነው፤ የሺ ቤት እንኳ መብራቱ ራሳቸውን ይነካዋል።

“ጎንበስ ብለን እንገባለን” አሉ።

ሁለት እጇን ዘረጋች። የመጀመሪያዋን እልልታ ያሰማችው የውድብሪጇ ናት።

ሲመሽ፤ ቢጫው ባቡር፣ ከዚያ ቀዩ

አየር ማረፊያው ጣቢያ ላይ በሩ ሲከፈት ሰው በሰው ላይ ገባ። አንዲት ወጣት አይታኝ መቀመጫዋን ለቀቀችልኝ፤ ምነው ብዬ ወደ ራሴ ባይ ክንዴ አሁንም እንደታቀፈ ነው። ወንዙን ስንሻገር ለብርቄ ደወልኩላት። አንድ ቃል ብቻ ነገርኳት፤ “ተነሣ።” ከዚያ በኋላ የሰማሁት ለቅሶዋን ነው፣ በመካከሉም አጠገቧ ያለች ሴት በማላውቀው ቋንቋ ስታባብላት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ሰለሞን ከነሥራ ልብሱ ቆሞ ጠበቀኝ። መጀመሪያ ያየው እጄን ነው።

“እማዬ፣ ጽዋውስ?”

“ቤቱ ገባ” አልኩት፤ ክንዴንም ያን ጊዜ ዘረጋሁት።