የጥቅምት ብርድ መስሎኝ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ መርካቶ እህል በረንዳ መጋዘን ተቀጥሬ በምሠራበት ጊዜ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አለኝ። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ጥቅምት በገባ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ለቤተሰቤ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ተወልጄ ያደግሁት ባቲ ነው። የባቲን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ካያችሁ ወይ ታሟል ወይ ከደጋ የመጣ እንግዳ ነው። አዲስ አበባ ልሄድ ስነሳ አባቴ «አገሩ ብርድ ነው አሉ» ብሎ ሁለት ፍየል ሸጠና ከደሴ ነጋዴ አንድ ጋቢ ገዛልኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ጋቢ ነው። አለባበሱን እንኳ ስለማላውቅ አውቶቡስ ውስጥ አጣጥፌ ተደገፍሁት።

የቀጠሩኝ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ናቸው። አባቴን ስለሚያውቁት እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ። «ቀልጠፍ ካልህ የመጋዘኑን ቁልፍ ላንተ ነው የምሰጥህ» አሉኝ። ቁልፍ መያዝ ማለት ጆንያ መሸከም ቀርቶ የመጋዘን ኃላፊ መሆን ነው። ሌላ ምኞት አልነበረኝም። ቁልፉን ይዤ ለአባቴ ደብዳቤ ስጽፍ ይታየኝ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራና አንድ ክፍል የምንጋራ ሐሰን የሚባል የወረ ኢሉ ሰው ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ደገኛ ስለሆነ ብርድ አይፈራም። ከተማውን ያሳየኝ እሱ ነው። መሳለሚያ ላይ መኪና እንዳይገጨኝ እጄን ይዞ ያሻገረኝም እሱ ነው። ወንድም የለኝም፤ እሱን ወንድሜ አደረግሁት።

የመጣሁት ነሐሴ ላይ ነበር። ዝናቡና ጭቃው ቢያስጠላኝም ጋቢዬን ተከናንቤ ስተኛ ይሞቀኛል። «ብርድ ብርድ የሚሉት ይኼ ነው እንዴ?» እያልሁ ጉራ እነዛ ነበር። መስከረም ሊያልቅ ሲል ሐሰን «ጋቢህ አድፏል፤ ከእኔ ልብስ ጋር ወንዝ ወርጄ ላጥብልህ» አለኝ። ደስ አለኝ። በሁለተኛው ቀን ነጭ አድርጎ፣ እንዶድ እንዶድ እየሸተተ አመጣልኝ።

ከዚያ ጥቅምት ገባ።

ጥርሴ ሲንገጫገጭ ማደር ጀመርሁ። ጋቢውን ብጠቀለልበት፣ ጉልበቴን አገጬ ድረስ ባጥፍ፣ ሙቀት የሚባል ነገር ወይ ፍንክች! ጠዋት ጣቴ አልታዘዝ እያለኝ የጆንያ አፍ መስፋት አቃተኝ።

«ሐሰን፣ ይኼ ጋቢ ሳሳብኝ እኮ» አልሁት።

«ጋቢ ሲታጠብ ይሳሳል። ደግሞ ጥቅምት ነው። የነሐሴውንም ብርድ ብለኸው ነበር?» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ደገኛ፣ እኔ ቆለኛ፤ ምን ብዬ ልከራከር?

ብርዱን ለመልመድ ያላደረግሁት የለም። ሐሰን ባዘዘኝ መሠረት ፌጦ ጠጣሁ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምታርፍበትን ግድግዳ ታክኬ ቆምሁ። ከሸሚዜ ሥር ባዶ ጆንያ ለበስሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያሳክከኝ ይውላል። ማታ ከሥራ ስንገባ ሐሰን ዝንጅብል አፍልቶ ያጠጣኝና እጄን በእጁ ያሽልኛል። «የቆላ ሰውነት ነው፤ አንተ ምን ታደርግ» ይለኛል። ይኼኔ እንባዬ ይመጣል፤ በሰው አገር የሚያዝንልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ።

ኅዳር ላይ ሳል ጀመረኝ። የእህል መኪና የሚራገፈው ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ ግን ከተኛሁበት መነሳት እያቃተኝ ሦስት ቀን አረፈድሁ። የሐጂ ፊት ጠቆረ። ሐሰንም «እንድሪስ፣ ሳንባህን ሳይነካህ አገርህ ግባ። ያንተ ሰውነት ይኼን አገር አይችለውም» አለኝ። አመንሁት። በገዛ ሰውነቴ አፈርሁ።

ሐጂ ዘንድ ቀርቤ «ብርዱን አልቻልሁትም፤ ልሂድ» አልኋቸው።

«ቁልፉን ላንተ አስቤው ነበር» አሉ።

«ለሐሰን ይስጡት። እንደ ራሴ አድርገው ይመኑት፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አልሁ። እዚያው አስጠርተው ሰጡት።

በማግስቱ ለእናቴ ነጠላ ልገዛ ሸማ ተራ ሄድሁ። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። ነጠላ እያሳዩኝ ሳለ የለበስሁትን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አደረጉና «ልጄ፣ በዚህ ብርድ በኩታ ብቻ?» አሉኝ።

«ኩታ አይደለም ጋሼ፤ ጋቢ ነው።»

«ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ይኼ ሁለት ነው።» ዳሩን ገልበጥ አድርገው አሳዩኝ። «እየውልህ፣ ጋቢ ነበር። ስፌቱን ተርትረው ግማሹን ካወጡ በኋላ እንደገና ሰፍተውታል። ክሩ እንኳ አዲስ ነው። ለማን ሰጥተኸው ነበር?»

 ነጠላውን ሳልገዛ ወጥቼ ወደ መጋዘኑ ገሠገሥሁ።

ሐሰን መጋዘኑ በር ላይ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ቆሟል። «ግማሹ የት አለ?» አልሁት። የምኑ ግማሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

«ለእማዬ ላክሁላት» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ብርዱ ሊገድላት ነበር። ወላሂ፣ ልነግርህ አስቤ ነበር።»

«መቼ?»

 ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

ለሐጂ ልናገር ገባሁ። «ምን ረሳህ?» አሉኝ። ትናንት ዋስ የሆንሁለትን ሰው ዛሬ ሌባ ነው ልበል? ሁለት ወር ሙሉ ግማሽ ጋቢ ለብሼ አላወቅሁም ልበል?  «ልሰናበትዎ ነው» ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ባቲ ገብቼ በዚያው ቀረሁ። ምን መለሰህ ለሚለኝ ሁሉ «ብርዱ» እላለሁ።

ለእናቱ መሆኑን ነግሮኝ ቢለምነኝ ራሴ ተርትሬ እሰጠው ነበር። ያቃጠለኝ ጨርቁ አይደለም። ራሱ ያስበረደውን እጄን እያሸ፣ «አንተ ምን ታደርግ» እያለ ሲያዝንልኝ መክረሙ ነው። ቁልፉንም አስቦበት ይሁን ወይስ እንዲያው ቀንቶት፣ ዛሬም አላውቅም። ይቅር አላልሁትም፤ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ በነጋዴ እጅ አዲስ ጋቢ ላከልኝ። ደብዳቤ የለውም፤ «ከሐሰን ነው» ብቻ። ነጋዴው ፊት ዘርግቼ እጥፉን ቆጠርሁ። አራት ነው። የባቲ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ላቤ እየተንጠባጠበበት መልሼ አጣጠፍሁትና ለነጋዴው ሰጠሁት።

«ውሰድለት» አልሁት። «እዚህ አገር ብርድ የለም በለው።»