ኮከብ አይታማም

ልጅ ሳለሁ፣ ከታቦር ሰፈር ሰው ሁሉ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎረቤቱ በየደጁ ሲራገም እኔ ሮጬ የጋሼ ላታሞን ዱካ ወደ ግቢ አወጣ ነበር። ያኔ እናቴ የከሰል ምድጃውን በራፍ ላይ አስቀምጣ የበቆሎ እሸት ትጠብስበታለች፤ ትንኙን ያባርርልን ብላም እርጥብ ቅጠል ጣል ታደርግበታለች። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ ጋሼ ደግሞ ፋኖሱን ከበሩ ኋላ ደብቀው፣ በፍሙ ብርሃን ብቻ፣ ምርኩዛቸውን ወደ ሰማይ ያነሱና «ያቻትልሽ፣ ወጥታለች» ይላሉ። ተረቱ የሚጀምረው እንደዚያ ነበር።

ጋሼ ላታሞ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ለሕክምና ብለው ከገጠር መጡና በዚያው እኛ ቤት ቀሩ። አባታቸው፣ አያቴ መሆናቸው ነው፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ የሚውልበትን ቀን ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ከሚናገሩት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። እናቴ ግን አጥባቂ ጴንጤ ስለነበረች ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳታል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ልጅቷን ኮከብ ቆጠራ አያስለምዱብኝ» ትላቸዋለች በቆሎውን እያገላበጠች።

«እኔ መች ቆጠርኳቸው? ሰላም ብያቸው ልገባ ነው» ይላሉ እሳቸው፣ ፍንክች ሳይሉ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ሰማዩ ደመና ከሆነ ተረት የለም። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ እግራቸው ሥር ተንከባልዬ ሞክሬዋለሁ። «ሰውን በሌለበት ማንሳት ሐሜት ነው፤ ኮከብም እንደዚያው ነው። ስትመጣ ፊቷ ላይ እናወራታለን» ይሉኛል። ስለዚህ የእያንዳንዷ ኮከብ ተረት የሚነገረው ኮከቧ ስትታይ ብቻ፣ ጋሼም እያዩዋት ብቻ ነበር።

ከሁሉም የምወደው ተጠጋግተው የሚታዩት የደቃቅ ከዋክብት ክምር ተረት ነው። ጋሼ «ጥጃዎቹ» ይሏቸዋል። ጨረቃ ጥጃዎቿን በረት አስገብታ በሩን ልትዘጋ ስትል አንዲቷ ጎደለች። ወጥታ በስሟ ጠራቻት። ከጨለማው ውስጥ መልስ መጣ፤ ድምፁ የጥጃዋ ነው፣ አፉ ግን የጅብ ነበር። ጨረቃ መሃል ላይ ቆመች። ብትሄድ በረቱ ክፍት ነው፤ ባትሄድ ጥጃዋ…

እኔ ሁልጊዜ እዚህ ላይ እተኛ ነበር። የፍሙ ሙቀት፣ የበቆሎው ጥጋብ፣ የጋሼ ጉልበት፤ ማን ይቋቋመዋል? ጠዋት አልጋዬ ላይ እነቃለሁ፤ ብጠይቅ «ቀን ነው፤ ሐሜት ነው» ይሉኛል። ልጅነቴን ሁሉ በዚህ ሁኔታ ጨረስኩት፣ መጨረሻውን የሰማሁት አንድም ተረት ሳይኖር። ያኔ አላሳሰበኝም። ጋሼም ሰማዩም የት ይሄዳሉ?

ትምህርቴን ገና በጠዋቱ አቋርጬ ነው ያደግሁት። ማንበብ የቀጠልኩት በራሴ ነው፤ የስኳር መጠቅለያ ከሆነ ጋዜጣ አንስቶ ሽፋኑ እስከተገነጠለ መጽሐፍ ድረስ፣ ፊደል ያለበትን ሁሉ። የሰው አገር ተረት መጨረሻውን ሳይቀር አውቃለሁ። የራሴን ቤት ተረት ግን የማውቀው እስከ ግማሹ ነው። ይሄ ነገር እያደር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። እናትና አባቴ አልፈው፣ እኔና ጋሼ በዚያው ግቢ ብቻችንን ቀርተን፣ ሐኪሙ የጋሼን ዓይን አይቶ «የዓይን ግፊት ነው፤ ከዳር ወደ መሃል እየበላ ይመጣል፤ የሄደው አይመለስም» ያለን ቀን ደግሞ አጥንቱ ወጋኝ።

በባዶ ዓይን ኮከብ ማየት ቢያቅታቸውም መሃሉ ገና አለ ብዬ ተጽናናሁ። መናኸሪያ አካባቢ ከልባሽ ዕቃ ሻጮች መካከል ባለሁለት ዓይን የሩቅ መነጽር አገኘሁና ይዤላቸው ገባሁ። ጋሼ እየሳቁ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። «ልጄ፣ ኮከቦቹ እስክስታ ይመታሉ» አሉና መለሱልኝ። እኔ ብይዝላቸውም ያው ነው፤ የእኔም እጅ ቢሆን ሥጋ ነው። መነጽሩን የሚይዝ፣ የማይደክምና የማይተነፍስ እጅ ያስፈልግ ነበር። እንጨት።

ስልኬ ላይ ሥዕል ፈልጌ አጠናሁት። አራት እንጨት በአራት ቡሎን አያይዞ፣ ሲገፉት የሚንጋደድ ክፈፍ መሥራት ነው። ብልሃቱ መነጽሩ ከፍም ዝቅም ቢል ያነጣጠረበትን አለመልቀቁ ላይ ነው፤ እኔ ቆሜ ጥጃዎቹን እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ክንዱን ዝቅ አድርጌ ዱካቸው ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸው ድረስ አመጣላቸዋለሁ። ከወዲያኛው ጫፍ ማመዛዘኛ የሚሆን አሸዋ የሞላ ጄሪካን ይንጠለጠላል። ሥሩ ሦስት እግር ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞራሌ ገዛሁ፤ የተጠረበ የባሕር ዛፍ እንጨት። ሻጩ እንጨቱን በጡጫው እየመታ «እህቴ፣ አጥንት ነው አጥንት! የልጅ ልጅሽ ይጠቀምበታል» አለኝ። መጋዝ ይዤ ግቢው ውስጥ ስንደፋደፍ ጎረቤቴ አስቴር በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«ምነው፣ ቃሬዛ ነው? ማን ሊሞትብን ነው?»

«ለምላስሽ ማሳረፊያ ነው፤ ይደክመዋል ብዬ።»

«እንግዲያው ሰፋ አድርጊው!» ብላ እየሳቀች ገባች። እኔም ስቄያለሁ። በዚያ ሥራ ውስጥ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ዝናብ እንዳያገኘው ብዬም ወዲያው ቫርኒሽ ቀባሁት። እርጥብ ባሕር ዛፍ በቫርኒሽ ማሸግ ማለት የታመመን ሰው አፍ መለጎም መሆኑን ማን ነገረኝ? ሰማዩ ጠርቶ ጥጃዎቹ በመሸ ጊዜ በምሥራቅ ብቅ ማለት ሲጀምሩ እንጨቶቼ በየፊናቸው ተጣመሙ። አንዱ ክንድ ከታች ወዳለው ሐይቅ፣ አንዱ ወደ ኮረብታው። ቀዳዳና ቀዳዳ አልተገናኝ አለ፤ የቡሎኑን ዳዶ ባጠብቀው እንጨቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ያ ሁሉ ቅንዓት ለምድጃ ሆነ። ደረቅ እንጨት ፈልጌ፣ እንደገና ቆርጬ፣ እንደገና ሰርስሬ እስክጨርስ የጋሼ ዓይን አልጠበቀኝም። በየሳምንቱ አንድ ነገር ይጎድል ነበር። መጀመሪያ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ ሳቱት። ቀጥሎ አስቴርን በድምፅዋ ለዩዋት። ከዚያ ደግሞ ፊቴን በእጃቸው ይዳስሱ ጀመር።

ሁለተኛው ክፈፍ እውነት ለመናገር ያምራል። በትንሽ ጣት ስትገፋው ይሄዳል፣ ስትለቀው ባለበት ይቆማል። የገና ሰሞን አንድ ቀን እንደመሸ ጋሼን ጋቢ አልብሼ አወጣኋቸው። የግቢውን መብራት አጠፋሁ። ጥጃዎቹን አገኘኋቸው፤ በዓይኔ ጉም የሚመስሉኝ የነበሩት መነጽሩ ውስጥ እንደ ተበተነ ጨው ፈሰዋል። ክንዱን ቀስ ብዬ ዓይናቸው ድረስ ዝቅ አደረግሁት። አንዲትም አልተነቃነቀችም።

«ጋሼ፣ ይታይዎታል?»

አንገታቸውን አቀኑ፣ ዘመም አደረጉ፣ እንደገና አስጠጉ።

«ጉም ነው» አሉ።

«ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል።»

«እንግዲያው ጉሙ እኔ ጋ ነው።»

ክንዱን ወደ ላይ ገፋሁት። እንደ ልጅነቴ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ጥጃዎቹ እዚያው ናቸው፤ እኔ እያየኋቸው ነው። በሌሉበት አላነሷቸውም፤ ፊታቸው ላይ ነው የሚያወሩት። ሐሜት አይሆንም። እባክዎ።»

እንዲህ ለምኜአቸው እሺ ያሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ፊታቸውን ቀና አደረጉ፤ ወደ ተሳሳተው ሰማይ ነበር፣ አላረምኳቸውም። ጨረቃ ጥጃዎቿን በረት አስገባች አሉ። አንዲቷ ጎደለች። ወጥታ ጠራቻት፤ ከጨለማው ጅቡ በጥጃዋ ድምፅ መለሰላት። ድምፃቸው ያው የድሮው ነበር፤ ሰውነቴ ሁሉ ጆሮ ሆነ፤ በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ነቅቼ አላውቅም። ጨረቃ መሃል ላይ ቆመች አሉ።

ከዚያ ጋሼም ተረቱ መሃል ላይ ቆሙ።

ከታች ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ፤ አስቴር ቤት ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። ጋሼ ምርኩዛቸውን ባዶ ሰማይ ላይ አነሱ፣ የሚያሳዩት ነገር ያለ ይመስል፣ ደግሞም አወረዱት። «ከዚህ ወዲያ ጥጃዎቹን እያየሁ ነበር የማስታውሰው» አሉ። ከዚያ በማላውቀው የልጅ ድምፅ፣ ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ ጥጃዋ ተመለሰች እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይግቡ፣ ብርድ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይም፣ ካልሲያቸውን ሳጠልቅላቸውም፣ ድንገት ይጠይቁኛል። አንድ ቀን «አዎ፣ ተመለሰች» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «አይ፣ እንደዚያ አልነበረም» አሉ። ሌላ ቀን «ጅቡ በላት» አልኩ። «እሱም አይደለም» አሉ፣ እንደ መቆጣት ብለው። ማታ ማታ እየተገላበጥኩ መጨረሻ እፈጥራለሁ፤ ያነበብኩት ሁሉ ተሰብስቦ አንድ መጨረሻ አልወልድ አለኝ። የማመጣላቸውን ሁሉ ቀምሰው ይመልሱታል። ያልሆነውን ለይተው ያውቃሉ። የሆነውን ግን ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚያውቅ የለም።