ከወልድያ ላሊበላ፦ የመሪጌታን ድምፅ ፍለጋ

በሑዳዴ ሦስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከወልድያ መናኸሪያ ተነሣሁ። ላሊበላ ውስጥ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ የምትተዳደር የሺ የምትባል ደንበኛ አለችኝ። ኮምፒውተሯ አልነሣ ብሏት ደውላልኝ ነበር። ማሽኑን የሸጥኩላት እኔ ነኝ። ውስጡ ያለው ግን በገበያ የማይገኝ ነገር ነው፤ ያረፉት አባቷ፣ መሪጌታ፣ በሕይወት ሳሉ የቀዳችው ዜማቸው። ሌላ ቦታ አልገለበጠችውም። «እመጣለሁ» ብያት ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ገበያ ደርቶልኝ ነበር።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሲዲ ይዣለሁ። አንዱ ሊኑክስ ነው፤ ዊንዶውስ የሞተበትን ማሽን ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከሲዲው ላይ ያስነሣል። ሌላው የጠፋ ፋይል ይፈልጋል። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ይህን ለደንበኛ አልናገርም፤ ነጻ ነው ካልኩት መድኃኒቱን ይጠራጠራል።

የድልብን ዳገት በጭጋግ ወጣን። ጭኔ ላይ በፎጣ የጠቀለልኩትን ዕቃ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የመቄት ገበሬ ሲያዩት ቆዩ።

«ልጄ፣ ምን ታቅፈህ ነው?»

«ባዶ ዲስክ ነው አባቴ።»

«ባዶውን እንዲህ ከታቀፍኸው፣ የሞላ ቀንማ ልታዝለው ነው።»

ቁም ነገሩ ባዶነቱ ላይ ነው። ከተበላሸው ማሽን የወጣ ፋይል ወደዚያው ማሽን ዲስክ ከተመለሰ ገና ያልተገኘውን ይደመስሳል። ይህን ላስረዳቸው ስጀምር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ማሳው አመድ መስሏል። እሳቸው የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነበር።

ጋሸና፣ አራት ሰዓት

ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ጾም ስለሆነ ከሽሮ ሌላ የለም፤ በስድስት ብር በላሁ። ወደ ላሊበላ የሚሄድ አይሱዙ አግኝቼ ጋቢና ገባሁ። ጠጠሩ መንገድ ላይ ዲስኩን በሁለት እጄ ይዤ ነው የሄድኩት።

ላሊበላ፣ ዘጠኝ ሰዓት

የሺ በር ላይ ጠበቀችኝ። ቤቱ ተጠርጓል፣ ማሽኑ ተወልውሏል። ስክሪኑ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ተከፍቶ ያበራል።

«ማን አስነሣልሽ?»

«ራሴ ነኝ ጋሼ ሙሄ። ከወልድያ ድረስ ደክመው መጥተው የተበላሸ ማሽን ፊትዎ ላስቀምጥ? በሰጡኝ የዊንዶውስ ሲዲ ትናንት ፎርማት አደረግኩት።»

«የመሪጌታ ድምፅስ?»

«እሱን እርስዎ ያወጡታል ብዬ።»

ፎርማት የነበረውን ሁሉ ጠርጎ ነው አዲሱን የሚጭነው፤ ልቆጣት ነበር። ግን ሲዲውን የሰጠኋት፣ «ባስቸገረሽ ቁጥር ፎርማት አድርጊ» ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በኛ ሥራ ለራስ ምታቱም ለሞቱም ያለን መድኃኒት ያው ነው።

ማሽኑን አጥፍቼ በሊኑክሱ አስነሣሁት። ባዶውን ዲስክ ሰካሁና ፍለጋውን ጀመርኩ። እስኪነጋ ሠራ።

ረቡዕ

በዚህ መንገድ የሚገኝ ፋይል ስሙን ይዞ አይመጣም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ እኔና የሺ ተቀምጠን እያንዳንዱን ሰማን። የሰርግ ዘፈን። የደንበኛ መዝሙር። ጩኸት ብቻ። ከዚያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ተነሥቶ ወዲያው ተቆረጠ።

«አባባ ናቸው» አለች።

እንዲህ የተቆረጡ ሰባት አገኘን። በደህናዎቹ ላይ አዲሱ ዊንዶውስ ተኝቶባቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሙሉ የሆነ አንድ መጣ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። መሪጌታ ዜማውን ይጀምራሉ፣ ያስላሉ። ደግመው ይጀምራሉ፣ ደግመው ያስላሉ። መጨረሻ ላይ፣ «የሺ፣ ዛሬ ጉሮሮዬ እምቢ ብሏል። ይህን አጥፊው፤ ነገ ደህናውን እንቀዳለን» ይላሉ።

የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «አጥፊው ብለውኝ ረስቼው ነው» አለች።



ሐሙስ፣ ወልድያ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። አሁን ማሽን ተበላሸ ብሎ የሚደውልልኝን ሰው፣ «ነቅለህ ተወው፣ እንደቆሸሸ ልየው» እለዋለሁ። ጠቃሚ ፋይል ሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱም ሌላ ከተማ ይሁን እያልኩም እመክራለሁ። ማሽኑን ስሸጥላት ብነግራት ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ያቺን አሥራ አንድ ደቂቃ በሦስት ሲዲ ገልብጬላታለሁ። ሁለቱ እሷ ጋ ቀሩ፤ አንዱ እኔ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከመለያየታችን በፊት ላዩ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍበት ጠይቄያት ነበር።

«‹አባባ ጉሮሯቸውን ያመማቸው ቀን› ብለው ይጻፉ» አለችኝ።