የሚከፈተው የአንገት ብረት

ጂንካ ውስጥ የኪነት ቡድን በገባሁበት ዓመት እናቴ እኔን ማናገር አቆመች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም፤ ዝም ነው ያለችው። ምግቤን አቅርባ ዞር ትላለች፤ የምትፈልገው ነገር ካለ ለግድግዳው ትነግረዋለች። «ውሃ የሚቀዳ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር» ስትል እኔ እንስራውን አንስቼ እወጣለሁ። በእሷ ቤት መዝሙር እንጂ ዘፈን አይገባም። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሽጎ፣ ምእመኑ በየቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚዘምርበት ጊዜ የገዛ ልጇ ቀበሌ አዳራሽ ወጥታ ትከሻዋን ትሰብቃለች። የወጣት ማኅበሩ አስገድዶኝ ነው ብል ይቀልላት ነበር። ግን መዋሸት አልፈለግኩም። መዝፈን ፈልጌ ነው የገባሁት።

መዝፈን አልኩ እንጂ ሴቶቹ የምንዘፍነው ነገር አልነበረም። ወንዱ ያወጣል፣ እኛ እንቀበላለን። እሱ «ዓይንሽ» ሲል እኛ እናጨበጭባለን፤ እሱ «አንገትሽ» ሲል እኛ አንገታችንን እንሰብቃለን። ገበያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት የሚሰማው ቴፕም ያው ነው፤ ዓይን፣ ጥርስ፣ አንገት፣ ዳሌ፣ ሥጋ ቤት የተሰቀለ ይመስል ተራ በተራ ይቆጠራል። ድራማውማ አይነሳ። ለሴት ሁለት ቦታ ነበር ያለው፤ ወይ ልጇ ዘምቶባት የምታለቅስ እናት፣ ወይ ወጣቱን ከትግሉ የምታዘናጋ ባለ ቀይ ከንፈር። ሁለቱንም ሠርቻለሁ፤ ማልቀሱ ይቀላል።

አዳራሽ ውስጥ አጨብጭቦልን የወጣው ሰውዬ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «የኪነቷ!» ብሎ ያፏጫል። አብረውኝ ያደጉት የጸሎት ቤት ልጆች ደግሞ ሲያዩኝ ከብቱ የሚግጥበትን የአውሮፕላን ሜዳ አቋርጠው በዚያኛው በኩል ይሄዳሉ። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። የማወራው ሰው ስላልነበረኝ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ብቻዬን ግጥም ማውጣት ጀመርኩ። ከሁሉም አንዷን ወደድኳት፦

ዓይኔንም ዘፈኑ፣ አንገቴን ዘፈኑ፤
አፌን ስከፍት ግን ወዴት ተበተኑ?

ይህችን አንድ ጊዜ ሰው ፊት ቆሜ ማለት አለብኝ አልኩ። አንድ ሰው ከሰማኝ የእናቴም ዝምታ፣ የመንገዱም ፉጨት በከንቱ አልሆነም ማለት ነው።

አሰልጣኛችን ከአርባ ምንጭ የተመደበልን ሰው ነበር፤ ክፉ አልነበረም። ግጥሟን ስነግረው ሳቀና «ቤት ትመታለች» አለኝ። ቀጥሎ ግን መደራደር ጀመረ። ሐመሮች አገር፣ ዲመካ ላይ ለሚከበር በዓል የሐመር ጭፈራ እያዘጋጀን ነበር፤ ወጣቱ ልጃገረዷን የሚያጭበት ጭፈራ። እሱ አንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቱሪስት ፖስተር አንዲት የሐመር ሴት አይቷል። አንገቷ ላይ ከፊት ጉጥ ያለው፣ በቆዳ የተለበጠ ወፍራም ብረት አለ። ወደደው። ለአንድ ቀጥቃጭ ነግሮ ያንኑ የመሰለ አሠራ፤ ከጭፈራው በኋላ እንዲወልቅ ብሎ ከጀርባው ማያያዣ አስደረገለት። ሌሎቹ ሴቶች ይከብዳል፣ ይልጣል ብለው እምቢ አሉ።

«ጓድ፣ እኔ ባደርገውስ?» አልኩት።

«ካደረግሽውማ ግጥምሽን ዲመካ ላይ ትዘፍኛለሽ።»

ከመካከላችን አንድም ሐመር አልነበረም። እኔ የጎፋ መጤዎች ልጅ ነኝ፣ የቀሩት አሪዎችና ነፍጠኛ ሰፈር ያደጉ ናቸው። ብረቱ ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ፖስተሩ ላይ ያምራል፣ በቃ።

ዲመካ በጭነት መኪና ሄድን። የገበያ ቀን ነበርና ፍየል ሊሸጥ የመጣው ሁሉ ከበበን። አብሮኝ የሚጨፍረው ወጣት ፊቴ ይዘላል፣ እኔ መሬት መሬት እያየሁ እሽኮረመማለሁ። የሐመር ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ። ወደውን ነው ብዬ ይበልጥ ተሽኮረመምኩ፤ እነሱም ይበልጥ ሳቁ፣ አንዷማ ጓደኛዋ ላይ ተደግፋ እንባዋን ትጠርጋለች። በመጨረሻ የወረዳው አስተርጓሚ አሰልጣኙ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ይሄን ብረት የመጀመሪያ ሚስት ብቻ ነው የምታረገው» አለው። «ባል ያላት ትልቅ ሴትዮ ሰው ፊት ከጎረምሳ ትጫወታለች ነው የሚሉት።»

አሰልጣኙ ፊቱ ተለዋወጠ። «አሰደብሽን እኮ» አለኝ፤ ብረቱን የቀጠቀጥኩት እኔ ይመስል። «ያንቺን ነገር ዛሬ ተይው።»

መኪናው ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ። በድምፅ ማጉያው ወንዱ ስለ አንገት መዝፈኑን ቀጥሏል። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቴ የባሰው ግን የምነግረው ሰው ማጣቴ ነው። ያኔ አንዲት ሴት ፍየል እየሳበች መጣች። እውነተኛው ብረት አንገቷ ላይ ነው፤ ከሥሩ ቆዳዋ ጠቁሮ ደድሯል። እየሳቀች የእኔን በጣቷ ነካችው። ሊቀልድ የተከተላትን አስተርጓሚ አንድ ነገር አለችው።

«ባልሽ የት ነው ትላለች» አለኝ እየሳቀ።

«የለኝም በላት።» እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ማያያዣውን ፈታሁና ብረቱን አውልቄ ሰጠኋት።

ሳቋ ቆመ። ማያያዣውን ከፈተችው። ዘጋችው። ደግማ ከፈተችው። ከዚያ ቀስ ብላ የራሷን አንገት ከኋላ ዳሰሰች፤ እዚያ የሚከፈት ነገር አልነበረም።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ዘፈንኩላት። ያችኑ ሁለት መስመር፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጭብጨባ። አማርኛ አታውቅም፤ ግን አፌን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ ብረቱን ጭኔ ላይ አስቀምጣ መናገር ጀመረች። ረጅም ነበር፤ አንዴ ድምፅዋ ተቆርጦ እንደገና ቀጠለች። አስተርጓሚውን ቀና ብዬ አየሁት።

«ተይ፣ የሴት ነገር ነው» አለና ወደ ጭፈራው ሄደ።

እሷም ፍየሏን እየሳበች ሄደች።

ቤት ስገባ አንገቴ ተልጦ ነበር። እናቴ አየችው። ቅባት አምጥታ ከኋላዬ ተቀመጠች፤ እጇ ከነካኝ ስንት ጊዜው! ከዚያ፣ ለግድግዳው ሳይሆን ለእኔ፣ «ዘፈንሽ?» አለችኝ።

«ዘፈንኩ፣ እማ።»

«የሰማሽ ሰው አለ?»

«አንዲት ሴት።»

እጇ አንገቴ ላይ ቆመ።

«ምን አለችሽ?»